ፒስተኑ ነው ተባልን፤ ካሙ ሆኖ ተገኘ

«ጧ!»

ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብለን ጣና ዳር ባለው መንገድ ላይ ነበርን። አጠገባችን የነበረ የባጃጅ ሹፌር ደንግጦ ዞረ፤ ከዚያ መኪናዋን አየና ሳቀ። አጎቴ አልሳቀም። አክስቴ ከፊት ወንበር ሆና «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምክንያቱም መኪናዋ ከጋራዥ ከወጣች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር። «እሺ በላቸው ጋሼ፣ ያሉትን ይቀይሩ» ያልኩትም እኔው ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ያለው ንብረት አንድ ቤትና አንዲት ቮልስ ናት። ያቺ ጀርባዋ ጎበጥ ያለው፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነው፣ 1300 የምትባለው። አክስቴ ጉልበቷን በጣም ስለሚያማት በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ትመላለሳለች። ባጃጅ ላይ ወጥቶ መውረዱ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ላይ መንገጫገጩ ለእሷ ሌላ በሽታ ነው። ስለዚህ ቮልሷ ለእኛ ቤት ቅርስ ወይም የፎቶ ማድመቂያ አይደለችም። የአክስቴ እግር ናት።

ቮልስ በአገራችን ታሪክም ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተሳፈሩት በአንዲት ቮልስዋገን ነበር። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ፑብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። እኛ አገር ግን ዛሬም በየሰፈሩ አለች፤ አባት ለልጅ ያወርሳታል።

ወደ ጋራዡ ልመልሳችሁ። መኪናዋ ጉልበት ማጣት ጀመረች፤ አቀበት ላይ ትለምናለች፤ አልፎ አልፎ በካርቡሬተሩ በኩል ወደ ኋላ ትተኩሳለች። የመጀመሪያው ጋራዥ ካንዴላዎቹን ፈትቶ የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕረሽን ለካ። 86፣ 88፣ 85፣ 87። «መጽሐፉ ከ100 በላይ ነው የሚለው። ፋሻው አልቋል፤ ፒስተንና ሲሊንደር ሙሉ ይቀየር» ተባልን። ቁጥር ስላየሁ አመንኩ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ቁጥር ሲያይ ቶሎ ይሸነፋል። አጎቴ ያጠራቀማትን አወጣ፣ ተቀየረ፣ ከፈልን። በሦስተኛው ቀን «ጧ!»

ቁጥሩ ልክ ነበር፤ ንባቡ ተሳሳተ

ከዚያ በኋላ ሰው ጠቁሞን ሽምብጥ አካባቢ በግቢያቸው ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ሄድን። የተማሩት ፖሊ ነው። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ሰውየው የመጀመሪያውን ጋራዥ ወረቀት አይተው ጠየቁኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ ትላለች?»

«ወደ 1,800 ሜትር።»

«ታዲያ እዚህ ያለው አየር ጅቡቲ ወደብ ካለው ጋር እኩል ነው?»

እዚያው ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ የኮምፕረሽኑ ንባብም በዚያው ልክ ይወርዳል። መጽሐፉ 110 ካለ፣ እዚህ 88 ማንበብ ጤና ነው። ዋናው ነገር ደግሞ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው፤ የእኛዎቹ ደግሞ በጣም ተቀራራቢ ነበሩ። ፋሻው ደህና ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ብር ያወጣነው ጤነኛ ፒስተን አውጥተን ሌላ ጤነኛ ፒስተን ለማስገባት ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ስለ ጆርጅ አከርሎፍ ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው እንዴት እንደሚበላሽ አሳየ፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ግን ትዝ አላለኝም። እዚያም ያው ነው፤ ችግሩን የሚነግርህ ሰውና መፍትሔውን የሚሸጥልህ ሰው አንድ ናቸው። መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም፤ በቅንነት መሳሳቱ ብቻ ይበቃል።

አንደኛውና ሦስተኛው

አዛውንቱ ሞተሩን አስነስተው የካንዴላ ገመዶቹን ተራ በተራ ነቀሉ። ሁለተኛውን ሲነቅሉ ሞተሩ ተንገዳገደ። አራተኛውንም እንዲሁ። አንደኛውንና ሦስተኛውን ሲነቅሉ ግን ምንም ለውጥ የለም። ሁለቱ መጀመሪያውኑ እየሠሩ አልነበረም።

ቮልስ ላይ አንደኛና ሁለተኛ ሲሊንደር በቀኝ፣ ሦስተኛና አራተኛ በግራ ናቸው። ቤንዚን የሚያደርሳቸው ቱቦም በየጎናቸው የተለየ ነው። ታዲያ ከቀኝ አንዱን፣ ከግራ አንዱን መርጦ የሚያደክም ምን ነገር አለ? ካምሻፍቱ! ካምሻፍት ማለት ቫልቮቹን በሰዓታቸው እንዲከፈቱ የሚገፋ፣ ጉብታዎች ያሉት ዘንግ ነው። ቮልስ ቫልቮቿ ስምንት፣ የካሙ ጉብታዎች ግን አራት ብቻ ናቸው። አንዱ ጉብታ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሲሊንደሮችን ያገለግላል፤ አንደኛውንና ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን። አንድ ጉብታ ካለቀ ሁለት ሲሊንደር አብሮ ይታመማል።

ለማረጋገጥ የቫልቭ ሽፋኖቹን ከፈቱ። ሽፋኑን የያዘው አንድ የሽቦ ማቆሚያ ነው፤ በካቻቢቴ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ሞተሩን በእጅ እያዞርን እያንዳንዱ ቫልቭ ምን ያህል እንደሚከፈት ለካን። ስድስቱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ከፈቱ። የአንደኛውና የሦስተኛው የጭስ ማውጫ ቫልቮች ግን 5 እንኳ አልሞሉም።

ተኩሱም ያኔ ገባኝ። የተቃጠለው ጭስ በበሩ መውጣት ሲያቅተው የማስገቢያው ቫልቭ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ሲከፈት ወደ ካርቡሬተሩ ይመለሳል። ፒስተን ብትቀይሩ፣ ካርቡሬተር ብታጥቡ፣ ካንዴላ ብትለውጡ አይቆምም።

በመጨረሻ ዘይቱን አፈሰሱ። የዘይት ማጥሪያው ወንፊት ላይ የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ብረት ነበር፤ ማግኔት ሲያስጠጉበት ተለጠፈ። የካሙ ጉብታ ዱቄት ሆኖ እዚያ ተቀምጧል። ይህ ሁሉ ምርመራ የፈጀው ግማሽ ቀን ነው። የጠየቁን ክፍያ የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ አይሞላም።

ሽጣት ወይስ ሥራት?

ማታ ቤት ተሰበሰብን። አጎቴ «በቃኝ፣ ለብረት ገዢ እሰጣታለሁ» አለ። ያወጣው ገንዘብ አቃጥሎታል። እዚህ ላይ ነው የተማርኩት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ የረዳኝ። «ጋሼ፣ የፒስተኑ ብር ሄዷል፤ ብትሸጣትም ብታሠራትም አይመለስም። ጥያቄው ከዛሬ ጀምሮ የምናወጣው ብር ምን ያመጣልናል የሚለው ነው» አልኩት።

ሌላ መኪና? በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ የመኪና ዋጋ ጡረተኛ መምህር የሚጠይቀው ነገር አይደለም። ቮልሷን ማሠራት ከናፍቆት ውጭ በሒሳብም ያዋጣ ነበር። የጎደለውን እኔ ሞላሁ፤ አዲስ ስልክ ልገዛበት ያጠራቀምኳት ብር ነበረች። ይህን የምታነቡት ጽሑፍ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ የተጻፈ ነው።

ካምሻፍቱ ጀርመን ካለች ዘመዳችን በሰው ሻንጣ መጣ። ብሮንዚንና ጓርኒሲዮኑ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገኝቶ፣ የአባይን በረሃ ተሻግሮ ደረሰን፤ መንገዱ እስኪመቻች ጠብቀን ነው።

ሞተሩ ሲከፈት

የቮልስ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው። በክሪክ ዝቅ አድርገን ጎትተን አወጣነው። ካሙ ጋ ለመድረስ ግን ሞተሩን እንደ ባቄላ ለሁለት መክፈል ግድ ነው። ሲከፈት አንዱ ጉብታ ጫፉ ጠፍቶ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ለምን አለቀ? ይህች ሞተር የምትይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው፤ ያለ ወንፊቷ ሌላ ፊልትሮ የላትም። ስለዚህ ዘይቷ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። እኛ ስንቀይር «ምርጥ አዲስ ዘይት» ተብለን የሰጡንን ቀጭን ዘይት ነበር የምንሞላው። የዘመኑ የቤንዚን መኪና ዘይት ውስጥ የዚንክና የፎስፈረስ ውሁድ ተቀንሷል፤ የአዳዲስ መኪኖችን የጭስ ማጣሪያ ስለሚጎዳ ነው። እንደ ቮልስ ያለ የድሮ ካም ግን ብረት ከብረት እየተፋጨ ስለሚሠራ ያንን ውሁድ ይፈልጋል። በዚያ ላይ መኪናዋ ወራት ቆማ ስትነሳ ጉብታዎቹ ደርቀው ይጀምራሉ።

አዛውንቱ ሦስት ነገር ላይ አልተደራደሩም። አንደኛ፣ አዲስ ካም ከአሮጌ ታፔት ጋር አይገባም፤ ያረጀው አዲሱን ይበላዋል። ስምንቱም ተቀየሩ። ሁለተኛ፣ የብረት ዱቄቱ የሄደበት የዘይት መንገድ ሁሉ ታጠበ፤ ክራንክሻፍቱም ቶርኖ ቤት ሄዶ ተለካ። ሦስተኛ፣ ጥርሶቹ ሲገጣጠሙ የካሙ ምልክት በክራንኩ ሁለት ነጥቦች መካከል መዋሉን እኔ፣ እሳቸውና አጎቴ ተራ በተራ አየን። በአንድ ጥርስ ብትስቱ የቫልቮቹ ሰዓት ይዛባል።

አዲስ ካም ሲነሳ ቀስ ብሎ በሚኒሞ አይተውም። መጀመሪያ እሳት ሳይሰጡ በሞተሪኖ ዘይቱ እስኪደርስ ማዞር፤ ከዚያ እንደተነሳ ለ20 ደቂቃ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ መያዝ። ጉብታዎቹ ዘይት የሚያገኙት በዋናነት በርጭት ስለሆነ ነው። ያቺ 20 ደቂቃ! ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ እያለ «ምን ጉድ ነው?» ይላል። አጎቴ ሰዓቱን ይዞ እንደ ፈተና ፈታኝ ይቆጥራል። ከዚያ ዘይቱ ወዲያው ተቀየረ፤ ወንፊቱ ንጹህ ነበር።

ጋራዥ ስትሄዱ «ምን ይቀየር?» ከማለታችሁ በፊት «በምን አወቃችሁት? ስንት ለካችሁ? ከምን ጋር አወዳደራችሁት?» በሉ። መልሱ ካላረካችሁ፣ ሥራውን ለማይሸጥላችሁ ሌላ ባለሙያ ለምርመራው ብቻ ከፍላችሁ አሳዩ። እኔ ይህን ብጠይቅ ኖሮ የአጎቴ ብር በኪሱ ይቀር ነበር።

ባለፈው እሑድ በ2016 ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻግረን መጣን። 380 ሜትር ነው። አክስቴ ድልድዩ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ጆሮዋን ጥላ ትጠብቃለች። ማዶ ስንደርስ ወደ አጎቴ ዞር አለችና «እስኪ አንዴ መልሰኝ» አለችው።

ቸር ይግጠመን።