ስለ እብድ ውሻ አንጎል ምርመራ

በአርሲ ደጋ፣ በሁሩታና ስንዴና ገብስ በሚታጨድባቸው የአካባቢዋ መንደሮች፣ ውሻ ቀን ከከብቱ ጋር ውሎ ሌሊት ከጅብ ጋር ሲጯጯህ የሚያድር ዘበኛ ነውና፣ አንድ ቀን ያለ ልማዱ የጌታውን ልጅ ነክሶ፣ ለሃጩን እያዝረከረከ፣ እንጨቱንም ድንጋዩንም እየነከሰ ሲሮጥ ቢታይ፣ ሰው ሁሉ «አበደ!» ብሎ በዱላ ይረባረብበታል። ፍርዱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ውሻ በሌላ ሕመምም በፍርሃትም ይናከሳልና፣ እርግጡን የሚመሰክር ከአንጎሉ በቀር የለም፤ የሚያሳዝነውም የመንደር ዱላ አስቀድሞ የሚያርፈው በዚሁ ምስክር ላይ መሆኑ ነው።

ራስ ቅሉ ሳይደቅቅ የተገኘ እንደ ሆነ፣ የእንስሳት ሐኪም እጁን በጓንት ሸፍኖ ራሱን ከአንገቱ ይለይና፣ በማያፈስ ዕቃ ከትቶ፣ በበረዶ ከብቦ፣ በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ሕዝቡ «ፓስተር» እያለ ወደሚጠራው ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይልከዋል። በመንገድ ሙቀት የበሰበሰ አንጎል ለመርማሪው ብዙ አይጠቅመውም። የተነከሰው ሰው ግን የምርመራውን መልስ መጠበቅ አይገባውም፤ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

የዚህ ደዌ አካሄድ እጅግ ረቂቅ ነው። ቫይረሱ ከቁስሉ ወደ ነርቭ ጫፍ ከገባ በኋላ፣ በነርቩ ውስጥ ሽቅብ እየተሳበ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር በሚፈጅ ጉዞ ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ ምራቅ ዕጢዎች ይወርዳልና፣ አንጎሉን በቁጣ አውኮ የሚያናክሰውና በምራቁ የሚሻገረው አንዱ ቫይረስ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን፣ ይህን የሚያህል ጥፋት የደረሰበት አንጎል ለዓይን ጤነኛ መስሎ መታየቱ፣ በማይክሮስኮፕም ሲታይ ከሕዋሳቱ የሞቱት ጥቂቶች ብቻ ሆነው መገኘታቸው ነው፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ሊቃውንት የነርቭ ሕዋሳቱ አካላቸው ሳይፈርስ ግብራቸው እንደ ታወከ ያስተምራሉ።

እንግዲህ መርማሪው የሚፈልገው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1903፣ ይኸውም በእኛ በ1895 ዓ.ም.፣ የፓቪያው ኢጣልያዊ ሐኪም አዴልኪ ኔግሪ፣ «የአሞን ቀንድ» በሚባለው የአንጎል ክፍል በሚገኙ ትልልቅ የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ፣ ቀለም ሲነካቸው የሚቀሉ ድብልብል ነገሮችን አየ። እርሱ ደዌውን የሚያመጡ ጥገኛ ነፍሳት መስለውት ነበር፤ በኋላ ግን ቫይረሱ የሚባዛባቸው ስፍራዎች መሆናቸው ታወቀ። ሆኖም የኔግሪ ምልክት በታመመው ሁሉ አንጎል አይታይም፤ ስለዚህ ባይገኝ ውሻው ንጹሕ ነበር ለማለት አያስደፍርም። ይህን ጉድለት የሞላው እ.ኤ.አ. በ1958 የተገለጠው ዘዴ ነው፤ ከአንጎል ግንድና ከንዑስ አንጎል በመስተዋት ላይ በስሱ በተቀባው ናሙና ላይ የሚያበራ ቀለም የተሸከመ ፀረ አካል ይደረግበታል፤ ቫይረሱ ካለ በጨለማው መካከል አረንጓዴ ብርሃን ይታያል፤ መልሱም በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል።

በእብድ ውሻ በሽታ ጥናት ኢትዮጵያዊው መኰንን ፈቃዱ ስመ ጥር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ፣ ከኢትዮጵያ በተገኘ ቫይረስ የታመሙ ውሾች ምልክት ከማሳየታቸው እስከ 13 ቀን አስቀድሞ ቫይረሱን በምራቃቸው እንደሚያወጡ አሳዩ፤ ይህም የነከሰውን ውሻ 10 ቀን አስሮ መጠበቅ ይበቃል የሚለውን ልማድ በጥንቃቄ እንድንመለከተው ያስገድዳል።

ለተነከሰ ሰው የሚሰጠው ክትባትም ለብዙ ዘመን በአገራችን ይሠራ የነበረው ከበግ አንጎል ነበር። የሰውም የበግም ነርቭ የሚለብሰው ሽፋን የሚመሳሰል ስለ ሆነ፣ የአንዳንዱ ተከታቢ ሰውነት ባዕዱን አንጎል ተቃወምሁ ሲል የገዛ ነርቩን ይወጋ ነበርና፣ በሕዋስ ማሳደጊያ የሚሠራው ክትባት መተካቱ መልካም ነው፤ ዋጋው መወደዱ ግን ሌላ ነገር ነው።

የአንጎል ምርመራው የሚጠቅመው ለሰው ብቻ አይደለም። በጭላሎና በገለማ ተራሮች የሚኖረውን ቀይ ቀበሮም ይኸው ደዌ ከውሻ ይይዘዋል፤ በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991ና በ1992፣ ዳግመኛም በ2003 ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል፤ ሞቶ የተገኘው ቀበሮ በምን እንደ ሞተ የሚታወቀውም አንጎሉ በዚህ ዓይነት ሲመረመር ነው።