አንድ ትእዛዝ ለመቶ ፎቶግራፍ፦ በጅምላ ማስተካከል የሚያስገኘውና የሚያሳጣው

ከጥቂት ዓመታት በፊት የፊዚክስ ተማሪዎቻችን የብርሃን ጥንካሬ ከርቀት ጋር ያለውን ዝምድና በዲጂታል ካሜራ እንዲለኩ የቤተ ሙከራ ሥራ ሰጥተናቸው ነበር። ሥራው ቀላል ነው። በጨለመ ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ አምፖል በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ነጭ ወረቀት ታበራለች፤ ሰሌዳው ከአምፖሏ ደረጃ በደረጃ ይርቃል፤ በየርቀቱም የካሜራው ቅንብር ሳይለወጥ ፎቶግራፍ ይነሣል። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ከቀረቡልን ሪፖርቶች አንዱ ብርሃን በርቀት ምክንያት አይቀንስም የሚል መደምደሚያ ይዞ መጣ። ሠንጠረዡ በጥንቃቄ የተሞላ ነው፤ በ20፣ በ40ም ሆነ በ60 ሴንቲ ሜትር የወረቀቱ ድምቀት አንድ ዓይነት ቁጥር ነው።

ተማሪውን አስጠርተን ስንጠይቀው፣ ፎቶግራፎቹ ጨለም ያሉ ስለ ነበሩ በፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ሁሉንም በአንድ ጊዜ መርጦ አውቶማቲክ ማስተካከያ እንዳደረገባቸው ነገረን። በመመሪያችን ላይ «ጥርት ያሉ ፎቶግራፎች ይቅረቡ» ብለን የጻፍነውን ነበር የፈጸመው። እንግዲህ የጥፋቱ እኩሌታ የእኛ ነበር። ይባስ ብሎም የተስተካከሉት ፋይሎች በመጀመሪያዎቹ ላይ ተጽፈው፣ የካሜራው ካርድም ተደምስሶ ስለ ነበር፣ የጠፋውን ልኬት መልሶ ማግኘት አልተቻለም።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ትእዛዝ በፎቶግራፍ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ በአጭሩ ለማብራራት እንሞክራለን።

ፎቶግራፍ የቁጥሮች ሠንጠረዥ ነው

እንደሚታወቀው ዲጂታል ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተገነባ ነው። በተለመደው ባለ 8 ቢት ምስል ውስጥ እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ቀለም ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ሦስት ቁጥሮች ይይዛል። 0 ፍጹም ጨለማ፣ 255 ደግሞ የመጨረሻው ድምቀት ነው። በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ስንት ፒክስሎች እንዳሉ የሚያሳየው ሥዕላዊ መግለጫ ሂስቶግራም ይባላል። አውቶማቲክ ማስተካከያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ይህን ሂስቶግራም ነው።

ለአብነት ያህል፣ በአንድ ደብዛዛ ፎቶግራፍ ውስጥ ዝቅተኛው ቁጥር 40፣ ከፍተኛው 200 ነው እንበል። ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ቁጥር 40 ይቀንሳል፣ በ160 ያካፍላል፣ በ255 ያባዛል። 40 የነበረው 0፣ 200 የነበረው 255፣ 80 የነበረው 64 ይሆናል። ምስሉ ለዓይን የጠራ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ አዲስ መረጃ አልተጨመረም። ቀድሞ የነበሩት 161 የድምቀት እርከኖች በ256 ቦታዎች ላይ ስለ ተበተኑ 95 ቦታዎች ባዶ ይቀራሉ። ሊጥ በመዳመጥ ብዛት ይሰፋል እንጂ ዱቄቱ አይጨምርም።

የተማሪያችን ምስጢር የተፈታውም እዚህ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ በየፎቶግራፉ ውስጥ ከሁሉ የደመቀውን ነጥብ፣ ማለትም ነጩን ወረቀት፣ እየፈለገ ወደ 255 ገፋው። ቅርብ የነበረውም ሩቅ የነበረውም ወረቀት እኩል ሆነ። በፎቶግራፎቹ መካከል የነበረው ልዩነት ለሶፍትዌሩ ሊወገድ የሚገባው ጉድለት ነበር፤ ለእኛ ግን የምንፈልገው ልኬት ራሱ ነበር።

አንድ ትእዛዝ ወይስ አንድ ቁጥር?

ፎቶሾፕ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ አንድን የሥራ ቅደም ተከተል መዝግቦ በብዙ ፋይሎች ላይ ለመድገም የሚያስችለው ችሎታ በ1996 በወጣው በ4ኛው እትም ተጨመረ። በ2007 የወጣው ላይትሩም ደግሞ ገና ከመነሻው ብዛት ላላቸው ፎቶግራፎች የታሰበ ነው። በእነዚህና በመሰሎቻቸው ሁሉ አንባቢ ሊለያቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው አንድን ትእዛዝ ለሁሉም መስጠት ነው። «አውቶማቲክ» የሚለው ትእዛዝ ለመቶ ፎቶግራፎች ሲሰጥ፣ ሶፍትዌሩ መቶ ጊዜ ያሰላል፤ መቶ የተለያዩ መልሶችም ያወጣል። ሁለተኛው ግን አንድን ቁጥር ለሁሉም መስጠት ነው። በዚህ ጊዜ አንዱን ፎቶግራፍ በጥንቃቄ አስተካክለን፣ የተገኙትን ቁጥሮች እንዳሉ ወደ ሌሎቹ እናሻግራለን። የመጀመሪያው መንገድ ብርሃናቸው ለተለያየ ፎቶግራፎች ይጠቅማል። በአንድ ብርሃን ለተነሡ ተከታታይ ፎቶግራፎች ግን የሚበጀው ሁለተኛው ነው።

ቀለምም ከዚህ አያመልጥም። ብዙዎቹ አውቶማቲክ የቀለም ማስተካከያዎች የተመሠረቱት በምስሉ ውስጥ ያሉ ቀለሞች ሁሉ ቢደባለቁ አማካያቸው ግራጫ ይሆናል በሚል ግምት ወይም በእርሱ ቅርንጫፎች ላይ ነው። ይህን ሐሳብ ቡክስባም የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ በሒሳብ አስቀምጦታል። ግምቱ ለገበያ አደባባይ ይሠራ ይሆናል፤ ለአደይ አበባ መስክ ግን አይሠራም። ሶፍትዌሩ ቢጫው መብዛቱን እንደ ብርሃን ጉድለት ቆጥሮ በሰማያዊ ያካክሰዋልና።

ብራናና ፊት

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ውጭም ብርቱ ነው። የብራና መጻሕፍትን በካሜራ መገልበጥ በአገራችን ረጅም ታሪክ ያለው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ሺዎች መጻሕፍትን መዝግቧል፤ ዛሬ ደግሞ ሥራው በዲጂታል ካሜራ ይሠራል። ብራና በተፈጥሮው ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ ቅዱሳን ስሞችም በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። አንዱ ገጽ ጽሑፍ ብቻ፣ ቀጣዩ ገጽ ደግሞ ሙሉ ሥዕል ቢይዝና ሁለቱም በየራሳቸው በአውቶማቲክ ቢስተካከሉ፣ የአንድ መጽሐፍ ብራና በአንዱ ገጽ ነጭ፣ በሌላው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ነገ ስለ ቀለሙ መደብዘዝ ሊያጠና የሚመጣ ተመራማሪ የሚያነበው የብራናውን ታሪክ ሳይሆን የሶፍትዌሩን ስሌት ይሆናል።

የሰው ፊትም እንዲሁ ነው። በሠርግ ላይ ነጭ ቀሚስና ነጠላ የለበሱ ሰዎች ፎቶግራፉን ሲሞሉት፣ የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያን ሁሉ ነጭ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማውረድ ይሞክራል፤ ፊታቸውም ያለ አግባብ ይጠቁራል። ከዚያም አውቶማቲክ ማስተካከያው በየፎቶግራፉ ሲሠራ፣ ያቺው ሙሽራ በአንዱ ጠይም፣ በሌላው ቀይ ዳማ ሆና ትገኛለች። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ላይትሩም አውቶማቲክ ስሌቱን ከብዙ ፎቶግራፎች በተማረ ፕሮግራም ተክቷል። ይህ ግምቱን አሻሽሎታል፤ ግምት መሆኑን ግን አላስቀረውም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ፋይል አይነካ። የተስተካከለው ሁልጊዜ በሌላ ፎልደር ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በተከታታዩ መጀመሪያ ላይ 18 በመቶ ያህል ብርሃን የሚያንጸባርቅ ግራጫ ካርድ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1976 የተዋወቀውን ዓይነት ባለ 24 ቀለም ሰሌዳ ከዕቃው አጠገብ አድርጎ ማንሣት፤ ከዚያም በእርሱ የተገኘውን ቁጥር ለሁሉም መስጠት ይገባል። ሦስተኛ፣ ፎቶግራፉ ለመለኪያነት ከሆነ አውቶማቲክ ትእዛዝ ከነጭራሹ አይሰጠው። ለቤተሰብ አልበም ከሆነ ግን አውቶማቲኩ ጊዜ ይቆጥባልና በነፃነት እንጠቀምበት።

ተማሪያችን ሙከራውን ደገመው። በዚህ ጊዜ ምንም ሳይነካ ቢያነብም በ40 ሴንቲ ሜትር ያገኘው ቁጥር የ20ው አንድ አራተኛ ሳይሆን ከግማሽ በላይ ነበር። እንደገና ሊጠይቀን መጣ። እንደገና ልክ ነበር። በተለመደው ኤስአርጂቢ በሚባለው ስታንዳርድ የሙሉው ብርሃን አንድ አራተኛ የሚጻፈው 64 ተብሎ ሳይሆን 137 ተብሎ ነው፤ አንድ ዘጠነኛውም 94 ነው። ካሜራውም የራሱን ቅመም ይጨምርበታል። ሳይንካ በሚቀመጠው ጥሬ ፋይል ለሦስተኛ ጊዜ ሲሠራ ግን ቁጥሮቹ ሕጉ ወደሚለው ተጠጉ።

የዚያን ተማሪ የመጀመሪያ ሪፖርት ዛሬም አልጣልነውም። መጽሐፉ የሚለውን እያወቀ፣ ያየውን ቁጥር ሳይቀይር ጽፏል፤ ስሕተታችንን ያወቅነውም በእርሱ እውነተኛነት ነው። የቤተ ሙከራ መመሪያችንም ተሻሽሏል። «ጥርት ያሉ ፎቶግራፎች ይቅረቡ» ይል የነበረው፣ አሁን «ያልተነኩ ፎቶግራፎች ይቅረቡ» ይላል።