እየሠራ ባለ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ማን ነው?

የብዙ ድርጅቶች የሂሳብ መዝገብ፣ የደንበኞች ዝርዝርና ኢሜይል ዛሬ የሚቀመጠው ለየብቻ በቆሙ ኮምፒውተሮች ላይ አይደለም። አንድ ትልቅ ሰርቨር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒውተር ያገለግላል። እያንዳንዱ ክፍል ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። የሚያከፋፍላቸውና የሚቆጣጠራቸው ሶፍትዌር ደግሞ ሃይፐርቫይዘር ነው።

ብዙዎቻችን “ማሽኑ የራሱ ፓስወርድ ስላለው አስተማማኝ ነው” ብለን እናስባለን። ሆኖም በሃይፐርቫይዘሩ ላይ ሙሉ ፈቃድ ያለው ሰው ያ ፓስወርድ አያስፈልገውም። ማሽኑን ማጥፋት ይችላል። ዲስኩ ካልተመሰጠረ ገልብጦ ሌላ ቦታ ያነበዋል። ስናፕሾት ሲያነሳ የማሽኑን ሜሞሪ ጨምሮ ከሆነ፣ በዚያች ሰዓት ሜሞሪው ላይ የነበሩ ፓስወርዶችና የምስጢር ቁልፎች ጭምር በፋይል ሊቀሩ ይችላሉ። በየክፍሉ ጠንካራ ቁልፍ አስገብቶ የሕንፃውን ማስተር ቁልፍ ደጃፍ ላይ እንደመተው ነው።

ይህ ስጋት በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ማይክሮሶፍት ይፋ እንዳደረገው፣ የቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ ሃይፐርቫይዘር ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ማለትም የሠራተኞችን ስምና ፈቃድ በአንድ ቦታ ከሚይዘው ሥርዓት ጋር ሲገናኝ፣ “ኢኤስኤክስ አድሚንስ” ለሚባል ቡድን አባላት ሙሉ ሥልጣን ይሰጥ ነበር። የሚያየው የቡድኑን ስም ብቻ ነው። ወደ ኔትወርኩ የገባና ቡድን የመፍጠር ፈቃድ ያገኘ ሰርጎ ገብ በዚያ ስም ቡድን ፈጥሮ ራሱን አባል ካደረገ የሁሉም ማሽኖች ጌታ ይሆናል። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንጀለኞች በዚህ ክፍተት ተጠቅመዋል። ሰርቨሩ አንዴ ከተቆለፈ በላዩ የሚሠሩት ማሽኖች በሙሉ አብረው ይቆማሉ። ክፍተቱ በ8.0 አፕዴት 3 ተደፍኗል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ፈቃድን በሥራ ልክ እንስጥ። ማሽን አጥፍቶ ማስነሳት ብቻ ለሚፈለግበት ባለሙያ ዲስክ የመገልበጥና ስናፕሾት የማንሳት ፈቃድ አያስፈልገውም።

2. የጋራ አካውንት እናስቀር። አምስት ሰው በአንድ ስም ከገባ፣ ጥፋት ሲደርስ ማን እንዳደረገው መዝገቡ አይነግረንም።

3. የመቆጣጠሪያው ገጽ ለኢንተርኔት ክፍት አይሁን። መግቢያውም በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠበቅ።

4. ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ኮንትራት ሲያልቅ ፈቃዱ በዕለቱ ይሰረዝ። ቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት ካለም መዘጋቱን እናረጋግጥ፤ ፈቃድ ሲሰረዝ ሁልጊዜ አብሮ አይቋረጥምና።

5. መጠባበቂያ ቅጂው ያው አድሚን ሊያጠፋው በማይችልበት ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

የራሱ ሰርቨር የሌለው፣ ክላውድ የሚከራይ ሱቅ ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበርም ከዚህ ውጭ አይደለም። ለእሱ ማስተር ቁልፉ የክላውዱ ዋና አካውንት ነው። የሰዎች መረጃ በአደራ የተያዘ ንብረት ነውና፣ ዛሬውኑ ሙሉ ሥልጣን ያላቸውን ስሞች ዝርዝር ከፍተን በእያንዳንዱ ላይ “ይህ ማን ነው? ለምን ተሰጠው?” ብለን እንጠይቅ። መልስ ያልተገኘለት ስም ፈቃዱ ይነሳ።