ከጭቃ ድንጋይ ስለ ተገኘው የአጥቢ እንስሳ ጥርስ

ከደብረ ብርሃን ደጋ ተነሥቶ ወደ ጀማ ቈላ የሚወርድ መንገደኛ የድንጋዩ መልክ ደረጃ በደረጃ ሲለወጥ ያያል። ከላይ ያለው ቤት የምንሠራበት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ይህም ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ሲሆን የመጀመሪያው ፍሳሽ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከዚህ በታች ሊቃውንት የደብረ ሊባኖስ ብለው የሚጠሩት የአሸዋ ድንጋይ አለ። ከእርሱም ሥር ቀላና አረንጓዴ መልክ ያለው፣ በእጅ ሲፈረክስ እንደ ደረቀ ጭቃ የሚፈርስ ንጣፍ ይገኛል፤ ስሙም በዓባይ ገባር በሙገር ወንዝ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ተባለ። ከሁሉ በታች ያለው የኖራ ድንጋይ በባሕር ውስጥ የተጋገረ ነው። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ወንዞች ደለል እያመጡ በሜዳው ላይ አነጠፉ፤ ደለሉም በላዩ በተጫነው ክብደት ድንጋይ ሆነ።

በዚህ ጭቃ ድንጋይ ውስጥ በወንዝና በወንዝ ዳር የኖሩ እንስሳት ቅሪት ተቀብሮ ይገኛል። የዓሣ፣ የኤሊና የአዞ እንዲሁም ዳይኖሰር የሚባሉት ሥጋ በል አውሬዎች ጥርስና አጥንት ወጥቶበታል። ነገር ግን ከሁሉ የሚያስደንቀው አንዲት ጥርስ ናት። በአሜሪካ አገር በበርክሌይ የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የነበሩት ዊልያም ክሌመንስና ማርክ ጉድዊን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ስለዚህች ጥርስ ጽፈው አሳተሙ። ዕድሜዋም 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በዚያ ዘመን የኖረ አጥቢ እንስሳ ከኢትዮጵያ ምድር ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አንባቢ፣ በአንዲት ጥርስ ብቻ እንስሳው አጥቢ መሆኑ እንዴት ይታወቃል ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱን መምህሩ ከታረደ በግ መንጋጋ ሊያሳይ ይችላል። የፊቱ ጥርስ ሣር ይቈርጣል፤ የኋላው ሰፊ ሆኖ ጫፉ ብዙ ነው፣ ሥሩም ከአንድ በላይ ነው፤ ይፈጫል። የአዞ ጥርስ ግን ከፊት እስከ ኋላ አንድ ዐይነት ሾጣጣ ነው፤ ሲወልቅም ዕድሜውን ሁሉ ሌላ ይተካል። አጥቢ እንስሳ የወተት ጥርሱን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚተካ የላዩና የታቹ ጥርስ እንደ ወፍጮና መጁ ተገጣጥመው ይኖራሉ። ይልቁንም ጥርስ ከአጥንት ሁሉ ጠንካራ በሆነ ነገር ስለ ተሸፈነ ሌላው አካል ሲጠፋ እርሱ ይቀራል። የዚያ ዘመን አጥቢዎች ብዙዎቹ አይጥ ያህሉ ነበርና ጥርሳቸው ከስንዴ ቅንጣት ያንሳል፤ እንዲህ ያለውን የሚፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ አፈሩን በውሃ አጥበው በወንፊት እየነፉ ነው። ሊቃውንቱ የኛዪቱን ጥርስ ፔራሙራ ከሚባለው ወገን ትሆናለች ብለው ሲጽፉ ከስሙ ፊት የጥያቄ ምልክት አድርገዋል፤ ይህም ጥንቃቄያቸው የሚመሰገን ነው።

ከዚህ የቀደሙት የአጥቢዎች ዘመዶች ደግሞ በደቡብ አፍሪቃ ካሩ በሚባለው አገር፣ እንዲሁ በጭቃ ድንጋይ ውስጥ፣ እጅግ በብዛት ይገኛሉ። በ1838 አንድሩ ቤይን የሚባል መንገድ ሠሪ ሁለት ረጃጅም ክራንቻ ብቻ ያለውን ራስ ቅል አገኘ፤ በ1845ም ሪቻርድ ኦወን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ዲሲኖዶን ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም ሁለት የውሻ ጥርስ ማለት ነው። እነዚህ ዘመዶች መልካቸው እንሽላሊት ቢመስልም፣ ኋለኞቹ ጥርሳቸው እየተለያየ፣ በታችኛው መንጋጋ ያሉት ብዙ አጥንቶችም እያነሱ ሄዱ። ከእነዚያ ትናንሽ አጥንቶች አንዳንዶቹ በአጥቢዎች ዘንድ የጆሮ ውስጥ አጥንት ሆነው ድምፅ ያሰማሉ። ስለዚህ ዛሬ የምንሰማበት አጥንት ቀድሞ የማኘኪያ አጥንት ነበረ ማለት ነው። የካሩ ቅሪት ይህን ለውጥ ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ የኛዪቱ ጥርስ ግን ከእነርሱ ከብዙ ዘመን በኋላ ያለች ናት።

ከድንጋይ ውስጥ ትልቅ አጥንት ሲወጣ የጥንት ግዙፍ ሰዎች አጥንት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ሽማግሎች ይህን በሰሙ ጊዜ ተናጋሪውን ከመገሠጽ ይልቅ አጥንቱ የት እንደ ወጣ ቢጠይቁት ይሻላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 እንዲህ ያለ ነገር በድንገት ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ያገኘው ሰው አጥንቱን ከቦታው አያንሣው፤ ከየትኛው ንጣፍ እንደ ወጣ ካልታወቀ ዕድሜውን መናገር ያስቸግራልና። ክረምቱ አልፎ ጐርፍ የሸለቆውን ዳር ሲሸረሽር አዲስ ነገር ብቅ ይላልና፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ያዩትን ለመምህራቸው እንዲነግሩ፣ መምህሩም ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ሠራተኛ እንዲያደርስ ያስፈልጋል።