ያውቁ ኖሯል? ከማር ሚካኤል እስከ ጎርጎራ

(ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ቤይሩት ያለው የማር ሚካኤል ሰፈር የተሰየመው በማሮናውያን የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ከእነዚሁ የምሥራቅ ካቶሊኮች ወገን የሆነ አብርሃም ደ ጊዮርጊስ የተባለ የጀስዊት (የካቶሊክ ማኅበር) ካህን ኢትዮጵያ ለመግባት ሲሞክር በ1595 ምጽዋ ላይ ተይዞ ተገደለ። ከእሱ በኋላ ስለመጡት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እሱ ግን የሚያወራ አላገኘሁም።

ሚስዮን ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በካሊፎርኒያ ስፔኖች ከ1769 እስከ 1823 ድረስ 21 የሚስዮን ጣቢያዎች አቁመዋል፤ ከካህኑ ጋር ወታደሩም ይሄድ ነበር። ወደ እኛ የመጡት ስፔናውያን ካህናት ግን የንጉሥ ፈቃድ እየጠየቁ ነበር የሚኖሩት። ከአብርሃም በፊት በ1557 የገባው አንድሬ ደ ኦቪዬዶ አድዋ አጠገብ ፍሬሞና ላይ ኖሮ በ1577 እዚያው አረፈ።

ስፔናዊው ጀስዊት ፔድሮ ፓኤዝስ? ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ የመን ውስጥ ለዓመታት እስረኛ አደረገው። ተፈትቶም አልቀረም፤ በ1603 ኢትዮጵያ ደረሰ። ግዕዝና አማርኛ ተማረ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከረ፣ በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር የዓባይ ምንጭ በሆነው ግሽ ዓባይ ላይ ቆመ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እዚያ የደረሰው በ1770 ነው! ለአገሬው ሰው ግን ምንጩ የተከበረ ጸበል እንጂ የሚፈለግ ምስጢር አልነበረም።

ፓኤዝ በ1622 ሞተ። በ1625 የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ትዕግሥቱን አልወረሰም፦ ካህናት እንደገና ይሾሙ፣ ምእመናን እንደገና ይጠመቁ፣ የቅዳሜ ሰንበትና ግዝረት ይቅሩ አለ። አመፁ በረታ፤ የብዙ ሺህ ገበሬ ደም ፈሰሰ። ካቶሊክነትን ተቀብሎ የነበረው ሱስንዮስ በ1632 የአባቶቹን ሃይማኖት መለሰ። እኔ እንደማምነው፣ ፓኤዝ ቀስ በቀስ ያቀረበውን ሕዝብ ሜንዴስ በትእዛዝ አራቀው።

በጣና ዳር ጎርጎራ የቆመው የጀስዊቶቹ ቤተ ክርስቲያን፣ ማርያም ግንብ፣ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። በፍርስራሹ ላይ በድንጋይ የተጠረቡ አበቦች ዛሬም ይታያሉ። በቦታው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ያካሄዱት የማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች መሆናቸው ያስደስተኛል። ኖራ ለግንባታ የገባውም በሚስዮኑ ዘመን ነው፤ አፄ ፋሲል ካህናቱን አባረረ፣ የጎንደሩን ግንብ ግን በኖራ አስገነባ።

ጀስዊቶች እንደገና ሲመጡ የጠሯቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በ1945 የገቡት ካናዳውያን ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ከእነሱ አንዱ ሉሲየን ማት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ።