እንቁላሉ ወጣ፣ ስኳሩ ገባ

ይህ ጽሑፍ ከአንድ ደብተር የተነሣ ነው። ደብተሩ በሰሜን ሸዋ፣ በጅሩ አገር የሚኖር የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ነው። የጅሩ መሬት ኮትቻ ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ያበቅላል። እንዲህ ባለ አገር ሰው ምግብ ጎደለው ቢባል ማን ያምናል?

ቤቱ ውስጥ 6 ሰው ይበላል። አባትና እናት፣ አያትና 3 ልጆች። ትንሹ ልጅ 2 ዓመቱ ነው። ክረምት ሲገባ ይህ ልጅ ከሳ። ጠጉሩ ሳሳ፤ መጫወትም ተወ። ጤና ጣቢያ ቢወስዱት ክንዱን በሜትር ለኩት። ሜትሩ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም አለው። የልጁ ክንድ ቢጫው ላይ ዋለ። «ምግብ አንሶታል» ተባለ።

እናቲቱ ተቆጡ። «ልጄ መች ጦሙን አድሮ ያውቃል? እንጀራ ከሞሰቤ አይጠፋ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። የልጁ ሆድ ይሞላ ነበር። እንጀራ ብቻውን ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሠራም።

እኔ በዚያ ክረምት እዚያው መንደር ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥር ነበር። እትዬ ቁጥር መጻፍ በተማሩ በሳምንቱ፣ «የአንድ ወር የገበያ ሒሳብዎን ይጻፉ። ከቤት የወጣውን በግራ፣ ቤት የገባውን በቀኝ» አልኋቸው።

«ለ4 ገበያ ብለሽ ነው? በቃሌ እነግርሽ የለም ወይ!»

በቃል ያለ ይረሳል እያልሁ ነዘነዝኋቸው። ጻፉ። ጽሕፈቱ ዘመም ዘመም ይላል፤ ግን ይነበባል። የሐምሌ ወር ሒሳብ ነው።

ከቤት የወጣ፦ እንቁላል 44፣ በግ 1።

ቤት የገባ፦ ስኳር 3 ኪሎ፣ ብስኩት 12፣ ለስላሳ 4 ጠርሙስ፣ ዘይት 2 ሊትር፣ ሽሮ 4 ኪሎ፣ ጨው 1 ኪሎ፣ ሳሙና።

የብሩን ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ዋጋ ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ ዛሬ የጻፍሁት ነገ ይለወጣል። እኔና እትዬ የቆጠርነው በእንቁላል ነው። በዚያ ወር በዚያ ገበያ 1 ኪሎ ስኳር 9 እንቁላል አወጣ። ለስላሳው በ3 እንቁላል፣ ብስኩቱ በ1 እንቁላል ተገዛ። እስቲ እናንተም እርሳስ አንሡና አብራችሁን ደምሩ። ስኳሩ 27፣ ብስኩቱ 12፣ ለስላሳው 12። ድምሩ 51 ነው። የተሸጠው እንቁላል ግን 44 ነው። የጎደለው የ7 እንቁላል ዋጋ ከበጉ ገንዘብ ላይ ተነሥቷል።

እትዬ ደብተሩን ትኩር ብለው አዩና፣ «እንግዲያ ዶሮዎቼ የሚጥሉት ለባለሱቅ ነዋ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሒሳብ አወጣን። ስኳር 1 ኪሎ ይበቃል፤ ለእሱ 9 እንቁላል ይሸጥ። ብስኩትና ለስላሳ ይቅር። ለትንሹ ልጅ አንድ ቀን እየዘለለ 1 እንቁላል፣ በወር 15። ለሁለቱ ታላላቆች 8። የቀረው 12 ለሚታቀፉ ዶሮዎች። ድምሩ ያው 44 ነው። ከገበያ አንዲት ሳንቲም አልተጨመረችም።

በዚህ መሀል ፍልሰታ ገባ። እትዬ እንቁላሉን ለልጁ መስጠት ተዉ። ምነው ብላቸው፣ «በጾም ድስቴን አላስነካም» አሉ። ይህን አልገመትሁም ነበር። ሕፃን ጾም እንደሌለበት እሳቸውም ያውቃሉ፤ የንስሐ አባታቸውም ነግረዋቸዋል። የከበዳቸው ድስቱ ነው። አንዲት ትንሽ ጀበና መሳይ ሸክላ ለልጁ ብቻ ተለየችና ነገሩ አለቀ።

አሁን ወደ ሽሮው እንምጣ። እኔን ከስኳሩ ይልቅ የቆጨኝ ይህ ነው። ይህ ቤተሰብ ባቄላ አምራች ነው። ባቄላውን በጥር፣ ገበያው በእህል ሲጥለቀለቅ ሸጠው። በሐምሌ ደግሞ የተፈጨ ሽሮ በኪሎ ገዛ። በርካሽ ሸጦ በውድ መግዛት ማለት ይኸው ነው። አባወራውን፣ «ጋሼ፣ ለምን ሁሉንም ሸጡት?» ብላቸው፣ «የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ሰርግ አለ፤ ምን ላርግ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቢሆንም ለ6 ሰው 1 ኩንታል ባቄላ አስቀድሞ ቢነሣ፣ በወር ከ8 ኪሎ በላይ ይደርሳል። የተገዛው 4 ኪሎ ብቻ ነበር። እህሉ በደንብ ከደረቀና አፉ በጥብቅ በተዘጋ ጀሪካን ከተቀመጠ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል።

ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ምስርና አተር የድኻ ሥጋ ናቸው። በጤፍና በስንዴ የጎደለውን እነሱ ይሞሉታል፤ በእነሱ የጎደለውን ደግሞ ጤፉና ስንዴው ይሞላዋል። ለዚህ ነው እንጀራ በሽሮ ጥሩ ምግብ የሚሆነው። ለሕፃን ገንፎም 3 እጅ እህልና 1 እጅ ተቆልቶ የተከካ ባቄላ አብሮ ይፈጫል። ጠብታ ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመርበታል።

ሽሮን ቤት ማዘጋጀት ሌላም ጥቅም አለው። የገበያ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊቀላቀል ይችላል። ጓያ ርካሽ ነው። ዝናብ ባጠረበት ዓመት እንኳ በኮትቻ መሬት ይበቅላል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግር ይሰብራል፤ የተሰበረውም አይድንም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። አያቲቱ፣ «የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው፤ ከድስቱ ራቅ ማለት ነው» ይሉ ነበር። በየአገሩ እንዲህ ይባላል። መርዙ ግን ያለው እህሉ ውስጥ ነው። ቸግሮት ጓያ የሚበላ ሰው አሳድሮ ይዘፍዝፈው፣ ውኃውን ይድፋው፣ ከሌላ እህልም ጋር ይቀላቅለው። ወር ከወር ግን አይብላው። ይህ ርካሽ ምግብ አይደለም።

ጎመን ገበያ አያስኬድም። ከጓሮ በዕቃ ማጠቢያ ውኃ ይበቅላል። ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ግን ጥቅሙን መድፋት ነው። ዱባና ካሮት ለዓይን ይበጃሉ፤ ዳፍንትን ይከላከላሉ። ጨው ሲገዛ አዮዲን ያለው ይሁን፤ በአገራችን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት በ2003 ደንብ ወጥቷል። እንቅርትን የሚከላከለው እሱ ነው። ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ነው። ቡናም ከምግብ በላይ ወዲያው ባይጠጣ ይሻላል፤ ከምግቡ የሚገኘውን ለደም የሚሆን ብረት ያስቀራል። ይህን ስናገር ግን ማንም አልሰማኝም።

መስከረም ላይ ልጁ እንደገና ተለካ። ክንዱ አረንጓዴው ውስጥ ገብቷል። የእትዬን በር ከፍቶ ዶሮዎቹን ሲያሯሩጥ አይቼዋለሁ።

በነሐሴ ወር ደብተር ላይ ከእትዬ ጽሕፈት ሌላ የአንድ ሰው ጽሕፈት አለ። የአባወራው ነው። «ለስላሳ 1» ይላል። እትዬ ከሥሩ «ለማን?» ብለው ጽፈውበታል።