ቦሎው ያለፈበት ድረ ገጽ፦ ተረትና እውነታ

ከሐዋሳ መናኸሪያ ብዙም ሳይርቅ አነስተኛ ፔንሲዮን ያላቸው አንዲት እናት አንድ ጠዋት ስልካቸውን ይዘው መጡ። ከዲላ ተሳፍሮ ማታውን እሳቸው ዘንድ ሊያድር ያሰበ ደንበኛ የፔንሲዮኑን ስም ጎግል ላይ ፈልጎ ሲገባ የቁማር ማስታወቂያ ተከፈተበትና ደውሎ ነገራቸው። «ልጄ፣ እኔ ስከፍተው ደህና ነው። አልጋው፣ ግቢው፣ የቁርሱ ፎቶ ሁሉም ቦታው ላይ አለ። ሰውየው ሌላ ቤት ገብቶ ይሆን?» አሉኝ።

ሰውየው አልተሳሳተም። ስሙን በእሳቸው ስልክ ጎግል ላይ ጽፈን ከውጤቱ ስንገባ ያው ቁማር መጣ። አድራሻውን ራሳችን ጽፈን ስንገባ ደግሞ አልጋውና ቁርሱ። ድረ ገጽ ውስጥ ሰርጎ የሚገባ ተንኮለኛ ኮድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሰው ይለያል። ከጎግል የሚመጣውን እንግዳ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል፤ ባለቤቱን አይነካም፤ ባለቤቱ ካላየ ማንም አያጸዳውምና።

ድረ ገጹ የተሠራው በዎርድፕሬስ ነው። ዎርድፕሬስ ግንቦት 19 ቀን 1995 ዓ.ም. የወጣ ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የቆሙት በእሱ ላይ ነው። የፔንሲዮኑ ግን ከተሠራበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አልታደሰም። ለምን ብዬ ስጠይቅ እሳቸውም፣ ወሬውን ሰምተው የመጡ ጎረቤት ባለ ሱቆችም የሰጡኝን መልስ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ቦታ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከመልሶቹ አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ሰው ለመተው የሚከብደውም ለዚህ ይመስለኛል።

«የኛን ትንሽ ገጽ ማን ይፈልገዋል?»

ይህ እምነት አጥቂውን ቁጭ ብሎ የሚመርጥ ሰው አድርጎ ያስባል። በተግባር የሚመጣው ግን ፕሮግራም ነው። ሌሊት መንገድ ዳር የቆሙ መኪኖችን በር እየጎተተ እንደሚያልፍ ሌባ፣ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ኢንተርኔት ላይ ያለውን አድራሻ ሁሉ ይሞክራል። የሚፈልገውም የእንግዶችን ስም ዝርዝር ላይሆን ይችላል። ሰርቨሩን አይፈለጌ ኢሜይል ይልክበታል፤ በጎግል ዘንድ ንጹሕ ስም ያለውን አድራሻ ለቁማርና ለሐሰተኛ መድኃኒት ማስታወቂያ መሸጋገሪያ ያደርገዋል። ለዚህ ሥራ ትልቅ ድርጅት አያስፈልግም፤ ማንም የማያየው ትንሽ ገጽ ይሻላል።

ጥር 2009 ዓ.ም. የሆነው ጥሩ ማሳያ ነው። በዎርድፕሬስ 4.7 እና 4.7.1 ላይ ማንም ሰው ያለ ይለፍ ቃል የሌላውን ሰው ጽሑፍ እንዲቀይር የሚያስችል ቀዳዳ ተገኘ። ጥር 18 ቀን ጥገናውን የያዘው 4.7.2 ወጣ። አዘጋጆቹ የቀዳዳውን ነገር ለስድስት ቀናት ሳይናገሩ ቆዩ፤ ራሱን የሚያድሰው ድረ ገጽ ሁሉ በጸጥታ እስኪጠገን መጠበቃቸው ነበር። ጥር 24 ቀን ይፋ ባደረጉት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጾች ጽሑፋቸው ተለወጠ። የገጾቹን ባለቤቶች ማንነት የጠየቀ አልነበረም። የሚያመሳስላቸው ያልታደሰው የስሪት ቁጥር ብቻ ነው።

«እየሠራ ነው፤ አትነካካው»

ይህን መናኸሪያ ገብታችሁ ለሾፌር ብትነግሩት አይቀበላችሁም። ወደ አዲስ አበባ ሊወጣ የተዘጋጀ ሾፌር ሞተሩ ስለተነሳ ብቻ ፍሬኑን ሳያይ አይንቀሳቀስም፤ ዘይት የሚቀይረውም መኪናው እስኪቆምበት ጠብቆ አይደለም። ቦሎ ለመለጠፍ በየዓመቱ ምርመራ የሚገባው መኪና እኮ እየሄደ ያለ መኪና ነው።

ሶፍትዌር ከመኪና የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ነገሩን ያባብሰዋል። መኪና በአገልግሎት ብዛት ያረጃል። ሶፍትዌር ግን የዛሬ አምስት ዓመት እንደተጻፈ ፊደሉ ሳይጎድል ይቆያል። የሚለወጠው ሌሎች ስለ እሱ የሚያውቁት ነው። ጥገና በወጣ ቁጥር የሚፈልግ ሰው አሮጌውንና አዲሱን ኮድ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ሁለቱ የሚለያዩበት መስመር ቀዳዳው የነበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጥገናው የወጣበት ቀን፣ ላልጠገነው ሰው ከትናንቱ የባሰ ቀን ነው። እስከ ትናንት ጥቂቶች ያውቁት ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንበብ የሚችል ሁሉ ያውቀዋል።

ድሩፓል የሚባለው ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ጥቅምት 5 ቀን 2007 ዓ.ም. አንድ ከባድ ቀዳዳ መጠገኑን አስታወቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የድሩፓል የደህንነት ቡድን ሌላ ማሳሰቢያ ጻፈ፤ ማስታወቂያው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያላደሰ ሰው ሁሉ ድረ ገጹ እንደተጠለፈ ቆጥሮ እንዲነሳ የሚል። ሰባት ሰዓት ማለት ከሐዋሳ በአውቶቡስ ተነስቶ አዲስ አበባ ደርሶ ትንሽ ዐረፍ እስኪሉ ያለው ጊዜ ነው። በየኮምፒውተሩ የደረሰው የዋናክራይ ጥቃትም ያው ታሪክ ነው። ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ጥገናውን አውጥቶ ነበር፤ ጥቃቱ የመጣው ግንቦት 4 ቀን ነው። ሁለት ወር ገደማ። በዚያ ወቅት በ150 ያህል አገሮች ኮምፒውተሮች ተቆለፉ፤ ብሪታንያ ውስጥ ሆስፒታሎች የታካሚ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ።

«አፕዴት ሳደርገው ግን ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ» የሚሉ ሰዎች ውሸት እየተናገሩ አይደለም። ይሆናል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ድርጅት የላከው የተበላሸ ዝማኔ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አቁሞ በብዙ አገር በረራ አስተጓጉሏል። እድሳት አደጋ አለው፤ የኔ ክርክር ያ አደጋ በእጃችን መሆኑ ላይ ነው። መቼ እንደሚመጣ የምንወስነው እኛ ነን፤ ቀድመን መዘጋጀትም እንችላለን። የጠላፊውን ቀን ግን አንመርጥም።

ዝግጅቱም ከባድ አይደለም። መጀመሪያ የፋይሉንም የዳታቤዙንም ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ ማስቀመጥ፤ ባክአፑ እዚያው ሰርቨር ላይ ካለ ሰርቨሩ ሲጠለፍ አብሮ ይጠለፋል። ቀጥሎ ፕለጊኖቹን፣ ማለትም በዎርድፕሬሱ ላይ የተጨመሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ሁሉንም በአንዴ ሳይሆን አንድ በአንድ ማደስና በየመሃሉ ገጹን ከፍቶ ማየት፤ እንዲህ ከሆነ ሲበላሽ የትኛው እንዳበላሸው ይታወቃል። ትልልቅ ለውጦችን ለፊቼ ጫምባላላ ወይም ለገብርኤል ንግሥ ዋዜማ አለማድረግ፤ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ገጹ ቆሞ መገኘት አለበት። ትንንሾቹን የደህንነት ጥገናዎች ደግሞ ማንም በእጁ ባይነካቸው ይሻላል። ዎርድፕሬስ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህን ራሱ ይጭናል፤ ከነሐሴ 2012 ዓ.ም. ወዲህ ለፕለጊኖችም ይህን ማብራት ይቻላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የወጣው 6.6 ደግሞ በራሱ የተጫነ የፕለጊን እድሳት ድረ ገጹን የሚያቆም ስህተት ካመጣ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። «ነጭ ገጽ» ለሚፈሩት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ዎርድፕሬስ ራሱ የሚሠራው ፒኤችፒ በተባለ ቋንቋ ላይ ነው፤ እሱም ይታደሳል። 7.4 የተባለው ስሪት ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከአዘጋጆቹ ጥገና አያገኝም። ከሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ የትኛው ስሪት እንደተመረጠ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

«ዳታ ይበላል»

ለስልክና ለኮምፒውተር እውነት ነው፤ እነዚያን ዋይፋይ ባለበት ማደስ ይሻላል። ድረ ገጽ ግን የተቀመጠው ሰርቨር ላይ ነው። «አድስ» የሚለውን ስትጫኑ ፋይሉን የሚያወርደው ሰርቨሩ ነው፤ ከእናንተ ካርድ የሚሄደው ያንን ገጽ ለመክፈት የሚበቃው ብቻ ነው።

«ያንን ፕለጊን እኮ አጥፍቼዋለሁ»

ማጥፋትና መሰረዝ ይለያያሉ። የጠፋ ፕለጊን ወይም ቴም (የገጹን መልክ የሚወስነው) ዎርድፕሬስ አይጠቀምበትም እንጂ ፋይሎቹ ሰርቨሩ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ አድራሻቸውን የሚያውቅ ፕሮግራም በቀጥታ ሊጠራቸው ይችላል። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ቲምተምብ በተባለች፣ ፎቶ የምታሳንስ ትንሽ ፋይል ላይ ቀዳዳ ሲገኝ ብዙ ሰዎች የተጠለፉት በማይጠቀሙበት ቴም ውስጥ በተቀመጠች ቅጂዋ በኩል ነው። በፔንሲዮኑ ድረ ገጽ ላይ ከነበሩት ፕለጊኖች ከግማሽ የሚበልጡት ድረ ገጹን የሠራው ልጅ ሊሞክራቸው ጭኖ የረሳቸው ነበሩ። የማትጠቀሙበትን ሰርዙ። መታደስ የሚያስፈልገው ነገር ራሱ ያንሳል።

«የሚሸጠውን ቴም በነጻ አግኝተነዋል»

እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ ብዙ የሚጎዳን ይህ ነው። ችግሩ ይገባኛል። በዶላር የሚሸጥ ቴም በብር ለሚሠራ ሰው ዋጋው ከባድ ነው፤ ገንዘቡ ቢኖርም መክፈያ መንገዱ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የተሰበረውን ቅጂ ከቴሌግራም ወይም ከሆነ ገጽ ማውረድ እንደ ብልሃት ይታያል። ግን ሰው ምን አግኝቶ ነው ሰብሮ በነጻ የሚያድለው? ደብልዩፒ-ቪሲዲ የተባለው ተንኮለኛ ኮድ ለዓመታት የተሰራጨው በዋናነት በእንዲህ ያሉ የተሰበሩ ቴሞችና ፕለጊኖች ውስጥ ተቀብሮ ነው። ከተጫነበት ሆኖ ሌሎቹን ቴሞችም ይበክላል፤ የተደበቀ መግቢያ ያበጃል፤ ማስታወቂያ ያስገባል። ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ፈቃድ የሌለው ቅጂ እድሳት አያገኝም፤ ዛሬ ያልነበረ ቀዳዳ ነገ ሲገኝበት እንዳለ ይቀራል። በዎርድፕሬስ ይፋዊ ማውጫ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ነጻና የሚታደሱ ቴሞች አሉ። ለፔንሲዮን፣ ለትምህርት ቤት፣ ለዕድር ከበቂ በላይ ናቸው።

«የቁልፉ ምልክት አለ»

ከድረ ገጹ አድራሻ ጎን የሚታየው የቁልፍ ምልክት የሚለው በእናንተና በሰርቨሩ መካከል የሚሄደውን ሌላ ሰው መሃል ገብቶ እንደማያነበው ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ማን እንዳለ አይናገርም። ቁማሩም የተከፈተው ቁልፉ እያለ ነው።

«የመንግሥቱ እንኳ ተጠልፏል፤ እኛማ ምን እናደርጋለን?»

ይህን ያለኝ ስልክ የሚጠግን ወጣት ነው፤ የጠቀሰውም እውነት ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ ሲዳማ ክልል ሆኖ በተደራጀበት፣ የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌትም በተቃረበበት በዚያው ወር፣ ሳይበር ሆረስ ግሩፕ ከተባለው ጀምሮ መነሻቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በኢትዮጵያ ድረ ገጾች ላይ ዘመቱ። በወቅቱ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ይባል የነበረው ተቋም ጥቃቱን ማክሸፉን አስታውቋል፤ ይሁንና ገጻቸው ተቀይሮ የጠላፊዎቹ መልእክት የተለጠፈባቸው የመንግሥት ድረ ገጾች ነበሩ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ተቃራኒውን ነው። በሁለት አገሮች መካከል ያለ የውኃ ክርክር ድረ ገጽ ድረስ ከወረደ፣ የኢትዮጵያ ስም ያለበት ሁሉ በሩን ማየት አለበት። አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ ግን ጠላፊው ማን እንደሆነ፣ የት አገር እንዳለ ባልታወቀበት ሕጉ የተበላሸውን ገጽ አይመልስም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ኃላፊነቱን ወደ እኛ አዙሮታል። የሰው ስምና ስልክ የሚሰበስብ የመያዣ ቅጽ ድረ ገጹ ላይ ያለው ሰው ያንን መረጃ የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

«የሠራልን ልጅ አለ»

ከሁሉም የከበደው ይህ ነበር። ልጁ ድረ ገጹን ሠርቶ ካስረከበ በኋላ አዲስ አበባ ሥራ ይዟል። ጥፋተኛ አልለውም። የተከፈለው ለመሥራት ነው፤ እንዲጠብቀው የተነጋገረ የለም። ሆስቲንጉም ቢሆን ማሽኑን ይጠብቃል፤ በላዩ የጫናችሁትን ፕለጊን ማደስ ብዙውን ጊዜ ከውሉ ውጭ ነው። ፔንሲዮኑ ደግሞ የራሱ ቁልፍ አልነበረውም። የዶሜይኑ ምዝገባ፣ የሆስቲንጉ አካውንትና የዎርድፕሬሱ ዋና መግቢያ፣ ሦስቱም በልጁ የግል ኢሜይል ላይ ነበሩ።

ደወልንለት። ደነገጠ፤ ያንኑ ማታ ሁሉንም ላከልን። ሦስቱን ወደ እሳቸው ኢሜይል አዛወርን፤ ለእያንዳንዱ የተለያየ ረጅም ይለፍ ቃል ሰጠን፤ ከስልካቸው የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ጨመርን። የነበረውን ባክአፕ ስንከፍተው ቁማሩ እዚያም ውስጥ ተቀብሮ አገኘነው፤ ስለዚህ የዎርድፕሬሱን ፋይሎች ከምንጩ እንደ አዲስ አውርደን ጽሑፉንና ፎቶውን ብቻ እያጣራን መለስን። የማናውቃቸው ሁለት «አስተዳዳሪዎች» በተጠቃሚዎች ዝርዝር ውስጥ ተመዝግበው ነበር፤ ሰረዝናቸው። ድረ ገጹን በየወሩ መጀመሪያ የሚያይላቸው አንድ የሰፈሩ ወጣት በመጠነኛ ክፍያ ተስማማ።

ለጎግልም ገጹ ጸድቷልና ይታይልን ብለን አመለከትን። ከፔንሲዮኑ ስም በታች «ይህ ጣቢያ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ወዲያው አልተነሳም። እስኪነሳ ድረስ ከዲላና ከይርጋለም ለሚመጡ እንግዶች አልጋ በስልክ እየያዙ፣ በየማለዳው የቤታቸውን ስም ጎግል ላይ ጽፈው ያዩ ነበር።